መርዶ አይደለም፤ ቶርኔዶ ነው

ለገጣፎ ውስጥ፣ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ አንዲት የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አለችኝ። ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ በፕላስቲክ የታሸገች ወረቀት ተለጥፋለች። ደንበኞች የዋጋ ዝርዝር እየመሰለቻቸው ቀና ብለው ያነቧታል። "ሁላችንም ደህና ነን። ቶርኔዶ እየመጣብሽ ነው። ልጅቷን ያዢ፣ ጫማ አድርጊ፣ ታች ውረጂ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ግቢ" ትላለች። ከሥሯ ሁለት የስልክ ቁጥሮችና "ዴቪድሰን ካውንቲ" የሚሉ ቃላት አሉ። አብዛኛው ሰው ግራ ተጋብቶ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። አንዳንዱ ግን ቆም ብሎ "ይህ ምንድን ነው?" ይላል። ትንሽ ስናወራ ዳላስ ልጅ፣ ኦክላሆማ ወንድም፣ አትላንታ አክስት ያለው ሆኖ ይገኛል። ይህን የምጽፈው እንደዚያ ቆም ለሚሉት ነው።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ ነው። ስትሄድ የፈራንላት ብርዱን፣ ብቸኝነቱንና የሌሊት ሥራውን ነበር፤ ሰማዩን የፈራ ከቤታችን አልነበረም። በሄደች በሁለተኛው ዓመት ግን ስልክ ደወለችና "ጋሼ፣ ውጪ ሳይረን ይጮኻል፤ አውሎ ነፋስ ነው ይላሉ፤ ምን ላድርግ?" አለችኝ። ታላቅ ወንድም አይደለሁ? ምንም የማውቀው ሳይኖር በሙሉ ልብ መከርኳት። "ቤቱ ሳይደረመስብሽ ልጅቷን መኪና ውስጥ አስገቢና ሽሺ!" አልኳት። እሷም እንደታዘዘችው ልጇን አቅፋ ከሁለተኛ ፎቅ ወርዳ መኪና ማቆሚያው ድረስ ደርሳ ነበር። የመለሷት ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ናቸው። በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው፣ ክንዷን ይዘው፣ እየተቆጡ ጎትተው አስገቧት። ያን ምሽት ቶርኔዶው በአጠገባቸውም አላለፈም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳነብ፣ በዚያ ነፋስ ፊት መኪና እንደ ክብሪት ቀፎ የሚገለበጥ ነገር መሆኑንና ምክሬ ሊገድላት ይችል እንደነበር ተረዳሁ። ማንበቡን የጀመርኩት ከእውቀት ጥማት ሳይሆን ከሐፍረት ነው።

ለስህተቴ አንዱ ምክንያት ቃሉ ራሱ ነበር። እኛ አውሎ ነፋስ የምንለው ሌላ ነገር ነው። በበጋ፣ እህሉ ታጭዶ ሜዳው ሲራቆት፣ እኩለ ቀን ላይ አቧራና ገለባ እያሽከረከረ የሚነሣውን እናታችን "በስመ አብ በሉ፣ ሰይጣን እያለፈ ነው" ትለን ነበር። እናማትባለን፤ ያልፋል። እሱ በጠራ ሰማይ ሥር፣ ፀሐይ ካጋለችው መሬት ወደ ላይ የሚነሣ ነው፤ ቢከፋ የተሰጣ ልብስ ይወስዳል። ቶርኔዶ ግን የነጎድጓድ ደመና ልጅ ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚወጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ከምዕራብ ከሚመጣው ደረቅ አየር ጋር ሲገናኝ፣ በዚያ ላይ የላይኛው ነፋስ ከታችኛው በፍጥነትም በአቅጣጫም ሲለይ፣ ደመናው በሞላው መሽከርከር ይጀምራል። ከሚሽከረከሩት ደመናዎች ጥቂቶቹ ጅራታቸውን እስከ መሬት ይሰዳሉ። አሜሪካ ውስጥ በአማካይ በዓመት 1,200 ያህል ይመዘገባሉ። የደካማው ነፋስ በሰዓት ከ105 ኪሎ ሜትር ይጀምራል፤ የኃይለኛው ከ322 ያልፋል። ከዜሮ እስከ አምስት የሚሰጠው የኃይል ደረጃ፣ ጃፓን ተወልዶ አሜሪካ የሠራው ተመራማሪ ቴድ ፉጂታ እ.ኤ.አ. በ1971 ካወጣው መለኪያ የተሻሻለ ነው። ደረጃው የሚሰጠው ግን ካለፈ በኋላ፣ ባለሙያዎች የፈረሰውን ቤትና የተነቀለውን ዛፍ አይተው ነው። ስለዚህ በመሀል "ስንተኛ ደረጃ ነው የሚመጣው?" እያላችሁ ጊዜ አታባክኑ፤ መልሱን በዚያ ሰዓት የሚያውቅ የለም።

አሜሪካኖቹ የሚያወጡት መልእክት ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል። "ዋች" የሚሉት አለ፤ "ዎርኒንግ" የሚሉት አለ። እኔ ሁለቱንም "ማስጠንቀቂያ" ብዬ ተርጉሜ አንዴ ያለ ነገር ሳስጨንቃት፣ ሌላ ጊዜ መጨነቅ ሲገባኝ ቡና እየጠጣሁ ነበር። ዋች ማለት "አየሩ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ነቅታችሁ ጠብቁ" ማለት ነው። ከኦክላሆማዋ ኖርማን ከተማ ካለው የአውሎ ነፋስ ትንበያ ማዕከል ይወጣል፣ ብዙ ካውንቲዎችን (እንደ እኛ ወረዳ ያሉ የግዛት ክፍሎችን) ይሸፍናል፣ ለሰዓታት ይቆያል። ይህ ሲወጣ የሚደረገው ስልክ ቻርጅ ማድረግ፣ ጫማን ከአልጋ ሥር ማስቀመጥ፣ የት እንደሚገባ መነጋገር ነው። ዎርኒንግ ግን "በራዳር ታይቷል ወይም ሰው በዓይኑ አይቶታል፤ አሁኑኑ ግቡ" ማለት ነው። እሱን የሚያወጣው የአካባቢው የአየር ሁኔታ ቢሮ ነው፤ ካርታው ላይ ትንሽ ባለ ማዕዘን ቅርጽ ተሥሎ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ይቆያል። ከመውጣቱ እስከ መድረሱ ያለው ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። ማስጠንቀቂያው የሚጠራው በካውንቲና በከተማ ስም ስለሆነ የዘመዳችሁን ካውንቲ ስም እወቁ፤ ወረቀቴ ላይ ያለው ዴቪድሰን የእህቴ ነው። "አሜሪካ ነው ያለው" ማለት "አፍሪካ ነው ያለው" እንደ ማለት ነው።

የሰዓቱ ነገር ሌላ ወጥመድ ነው። ማስጠንቀቂያው "እስከ 1:15" ሲል የእኔ ዓይን ማለዳ አንድ ሰዓት ከሩብ ብሎ ያነበዋል። ፈረንጁ በራሱ ይቆጥራል፣ እኛ በራሳችን፣ በመካከል ውቅያኖስ አለ። ከብዙ ስህተት በኋላ ያገኘሁት ዘዴ ይህ ነው። ናሽቪል፣ ዳላስ፣ ሂውስተን፣ ኦክላሆማ ወይም ሚኒያፖሊስ ሰው ያላችሁ፣ በክረምታቸው እነሱ በሚጽፉት ሰዓት ላይ ሦስት ደምሩ፤ አዲስ አበባ ያለው ሰዓት በእኛው አቆጣጠር ይመጣላችኋል። የእነሱ ከሌሊቱ 12:30 የእኛ ከጠዋቱ 3:30 ነው። በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ወደ ፊት ስለሚገፉ ከዚያ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ሁለት ብቻ ደምሩ። አትላንታ ወይም ዋሽንግተን ከሆነ በክረምት ሁለት፣ በበጋ አንድ። የራዳሩ ሥዕል ጥግ ላይ የግሪንዊች ሰዓት ካለ ደግሞ ሦስት ቀንሱ። እኔ ይህን በእስክሪብቶ ጽፌ ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሰው ሲደነግጥ ሦስትና ሁለትን መደመር እንኳ ያቅተዋል።

ሂሳቡ ሲገባችሁ አንድ ነገር ታያላችሁ። የእነሱ እኩለ ሌሊት የእኛ ጠዋት ነው። በሌሊት የሚመጣ ቶርኔዶ የሚገድለው ሰው ስለተኛ ነው፤ ቴነሲ ደግሞ በሌሊት ቶርኔዶ ከሚታወቁት ግዛቶች አንዷ ናት። እነሱ ሲተኙ ነቅተን ያለነው እኛ ነን።

ከመጀመሪያው ድንጋጤ በኋላ ከእህቴ ጋር ተነጋገርን። አሮጊቷ ጎረቤት "በማንኛውም ሰዓት በሬን አንኳኪ" ብለዋት ስለነበር፣ መግቢያዋ የእሳቸው መታጠቢያ ቤት እንዲሆን ተስማማን። ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም፣ በቤቱ መሀል ነው፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው፤ በመካከላችሁና በውጪው መካከል የሚቆመው ግድግዳ በበዛ ቁጥር ይሻላል። ለልጇ የብስክሌት ራስ መከላከያ ገዛችላት፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በሚወረወር ነገር ስለሆነ ጭንቅላት ይቅደም ይላሉ። ጫማ ያስፈለገው ለነፋሱ አይደለም፣ ካለፈ በኋላ ለሚረገጠው ብርጭቆና ምስማር ነው። የአሮጊቷን ስልክ ቁጥርም ላከችልኝ። መስኮት ከፍቶ የቤቱን አየር ማስተንፈስ ይረዳል የሚሉት ነገር ውሸት እንደሆነ፣ ከድልድይ ሥር መጠለልም አደገኛ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያወቅነው። በጎማ ላይ በሚጎተቱት ቤቶች የሚኖር ዘመድ ካላችሁ ጉዳዩ ይለያል፤ እሱ ዋች ሲወጣ ነው ወደ ጠንካራ ሕንፃ መሄድ ያለበት፤ ዎርኒንጉን ከጠበቀ ዘግይቷል።

እንዲህ ተዘጋጅተን ነው የካቲት 24 ቀን 2012 ዓ.ም. የደረሰው። ማክሰኞ ነው፤ የዓድዋ በዓል ማግስት፤ በፈረንጆቹ ማርች 3 ቀን 2020። እናቴ የወሩ ተክለ ሃይማኖት ነው ብላ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ጾም ስለሆነ የምትመለሰው ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ሱቄን ከፍቼ፣ በበዓሉ የተጠራቀመው ደንበኛ ሳይመጣ፣ እንደ ልማዴ የናሽቪልን ራዳር አየሁ። ያን ቀን የትንበያው ከፍተኛ ደረጃ አልታወጀም ነበርና ብዙም ሥጋት አልነበረኝም። ከናሽቪል በስተምዕራብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ካምደን አካባቢ ግን በእነሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11:00 ካለፈ በኋላ ቶርኔዶ መሬት ነክቶ ጉዳት አድርሷል የሚል ዜና ወጣ። ያ ደመና አልተበተነም። ወደ ምሥራቅ እየተጓዘ ነው። በመንገዱ ላይ ያለችው ትልቅ ከተማ ናሽቪል ናት።

ራዳር ማንበብ እንደሚፈራው አይከብድም፤ የሚከብደው ሳያነቡ ያነበቡ መምሰል ነው። አንዱ ሥዕል የዝናቡን ብርታት ያሳያል፤ ቀዩ ከባድ ነው። ሌላው ሥዕል የነፋሱን አቅጣጫ ያሳያል፤ አረንጓዴው ወደ ራዳሩ የሚመጣ፣ ቀዩ ከራዳሩ የሚሸሽ ነው። ደማቅ አረንጓዴና ደማቅ ቀይ በአንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ጎን ለጎን ከተጣበቁ፣ አየሩ በዚያች ቦታ እየዞረ ነው ማለት ነው። የምታዩት ግን ያለፈውን እንደሆነ አትርሱ። ሥዕሉ የሚታደሰው በየጥቂት ደቂቃው ነው፤ የዚያን ሌሊት ደመና በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጓዝ ስለነበር፣ የአምስት ደቂቃ ሥዕል ማለት የስምንት ኪሎ ሜትር ስህተት ነው። ነጥቧ ገና ከቤቷ ወዲያ ናት ብሎ መጽናናት ሞኝነት ነው።

ከጠዋቱ 3:20 ላይ በኢንተርኔት ደወልኩ። አላነሣችም። ደገምኩ። አላነሣችም። እዚህ ላይ አምስት ውድ ደቂቃዎች ባከኑብኝ፤ ምክንያቱን አልደብቅም። የአካባቢው ቴሌቪዥን የአየር ሁኔታ ባለሙያ በቀጥታ ሥርጭት ካርታውን እያሳየ ያብራራ ነበርና ዓይኔ እዚያ ላይ ተተከለ። መመልከት መርዳት ይመስላል፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ያልባል፣ ሰው ትልቅ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። እህቴ ግን ተኝታለች።

በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ መታወቂያቸውን ሦስት ቅጂ ሊያስነሡ ገቡ። መታወቂያውን ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩና ቁልፉን ሳልጫን ወደ ስልኬ ዞርኩ። ሽማግሌው ፊቴን አይተው "ምን ሆነሃል ልጄ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ምኑን እንደተረዱት አላውቅም፤ ነገር ግን "በመደበኛው ስልክ ለምን አትደውልም?" አሉኝ። ለገንዘቡ ሰስቼ ነበር፤ ለካ ሒሳቤም አልቋል። ሱቄ ውስጥ የምሸጣቸውን የሞባይል ካርዶች አወጣሁ። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተው ካርዶቹን ተቀበሉኝና በሳንቲም እየፋቁ ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡልኝ። በመነጽር ላይ መነጽር የሚያስፈልጋቸው ሰው አንድም አሃዝ አልሳቱም።

የኢንተርኔት ጥሪ ያልሠራበት ምክንያት ኋላ ነው የገባን። እህቴ ስትተኛ ስልኳን "አትረብሹኝ" ላይ ታደርገዋለች። አይፎን በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኖ፣ ካልተዘጋበት በስተቀር፣ አንድ ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ በመደበኛ ስልክ ሁለት ጊዜ ቢደውል ሁለተኛውን ጥሪ ያሳልፋል። እኔ ይህን አላወቅሁም፤ ሁለቴ የደወልኩት ተስፋ በመቁረጥ ነው። ዛሬ ቁጥሬ ሁልጊዜ እንዲያልፍ ስልኳ ላይ ተስተካክሏል። የዘመዶቻችሁን ስልክ ዛሬውኑ አስተካክሉ፤ በዚያ ሰዓት አይስተካከልም።

ከጠዋቱ 3:36 ላይ አነሣች። የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር፦ "እማዬ ምን ሆነች?"

ውጭ አገር ላለ ሰው ከአገር ቤት በእኩለ ሌሊት የሚመጣ ስልክ መርዶ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እኔ ግን አላሰብኩትም ነበር። "ሁላችንም ደህና ነን" የሚለው ወረቀቱ ላይ ያኔ አልነበረም፤ "ቶርኔዶ እየመጣብሽ ነው" ብዬ ብጮህም አልሰማችኝም። "እውነቱን ንገረኝ፤ እማዬ ሞታለች አይደል?" እያለች ማልቀስ ጀመረች። ግማሽ ደቂቃ፣ ምናልባት ከዚያ በላይ፣ እናታችን በሕይወት እንዳለች ሳስረዳ አለፈ። ያቺ ግማሽ ደቂቃ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። ወረቀቱ ዛሬ በዚያ ዓረፍተ ነገር የሚጀምረው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው ጠላት ሰላምታችን ነው። "እንዴት አደራችሁ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ጤና ይስጥልኝ" ስንባባል ደቂቃ የምንበላ ሕዝብ ነን። ሰላምታውን ለማግስቱ አቆዩት።

ሲገባት ግን ፈጣን ነበረች። ልጅቷን አነሣች፣ ራስ መከላከያውን አጠለቀችላት፣ ጫማ አደረገች። ደረጃውን ስትወርድ ትንፋሿ ይሰማኛል። "ጋሼ፣ ሳይረኑ እየጮኸ ነው እኮ!" አለች። ሲጮኽ ቆይቷል፤ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ማሞቂያው እያጓራ አልሰማችውም። ሳይረኑ የተተከለው ደጅ ላለ ሰው ነው እንጂ ለተኛ ሰው አይደለም። ስልክ ላይ በቀጥታ የሚመጣው የአደጋ ጊዜ መልእክትም ነበር፤ ነገር ግን አንድ ሌሊት የጠፋ ልጅ ማፈላለጊያ ማስታወቂያ ሕፃኗን ቀስቅሶባት ሁሉንም ዘግታው ኖሯል። ሦስት የማንቂያ መንገዶች ነበሩ፤ ሦስቱም እሷ ጋ ሳይደርሱ ቀሩ።

የአሮጊቷን በር ስታንኳኳ ሰማሁ። እሳቸው ነቅተው ነበር። መታጠቢያ ቤት ገቡ፤ ልጅቷን ባዶው ገንዳ ውስጥ አስተኝተው ፍራሽ ከላይ አደረጉ። እህቴ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ "ጋሼ፣ የት ደረሰ?" አለችኝ። ራዳሩ ላይ የማየውን ነገርኳት፦ ከተማውን መትቶ አልፎ ወደ ዶኔልሰን እየመጣ ነው። እሷ የምትኖረው ከዶኔልሰን ቀጥሎ ባለው ኸርሚቴጅ ነው። "ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ፤ እስክነግርሽ አትውጪ" አልኳት። ከ3:45 ትንሽ እንዳለፈ መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ስላለው ጊዜ ብዙ የምለው የለኝም። ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሦስት ተማሪዎች የማመልከቻ ወረቀት ሊያስጽፉ ገብተው "ኔትወርክ የለም" አልኳቸው፤ በአንድ በኩል እውነት ነው። ደጋግሜ ብደውል አይጠራም። አንድ ዘመዳችን ፌስቡክ ላይ ያየውን ፎቶ ልኮ "ናሽቪል ጠፋች" አለኝ፤ ፎቶው ከዓመታት በፊት በሌላ ግዛት የተነሣ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን አውጥተው ዝም አሉ።

4:35 ላይ የጽሑፍ መልእክት ገባ። "ደህና ነን። መብራት የለም። ዛፎች ወድቀዋል። እማዬን አታስደንግጣት።" መስመር ሲጨናነቅ የድምፅ ጥሪ እንቢ ሲል አጭር የጽሑፍ መልእክት ሾልኮ ይገባል። ከዚያ ወዲህ የተስማማነው፣ ካለፈ በኋላ እንዳትደውል፣ "ደህና" የሚል አንድ ቃል ብቻ እንድትጽፍ ነው። እኔም ደጋግሜ እየደወልኩ የስልኳን ባትሪ እንዳልጨርስ ቃል ገብቻለሁ።

ቶርኔዶው ከቤቷ በስተሰሜን ነው ያለፈው። ኋላ በጥናት እንደታወቀው መሬት የነካው በእነሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ 12:30 ካለፈ በኋላ ነው፤ ሰሜን ናሽቪልን፣ ጀርመንታውንን፣ ምሥራቅ ናሽቪልን፣ ዶኔልሰንን፣ ማውንት ጁሊየትንና ሌባነንን አቋርጦ ወደ 97 ኪሎ ሜትር ተጉዟል፤ ደረጃው ሦስት ተባለ፤ አምስት ሰው ገድሏል። ምሥራቅ ናሽቪል እ.ኤ.አ. በ1998ም እንዲሁ ተመትታ ነበር። "አንድ ቦታ ሁለቴ አይመታም" የሚላችሁ ሰው ካለ ይህን ንገሩት።

መልእክቷን አንብቤ ለሽማግሌው "ተረፉ" አልኳቸው፤ "ተመስገን" ብለው ተነሥተው ሄዱ። እኔ ግን ራዳሩን አልዘጋሁትም። ለምን እንዳልዘጋሁት አላውቅም፤ ምናልባት ዓይኔ ለምዶት ይሆናል። ያው ደመና ወደ ምሥራቅ ቀጠለ። የእኛ 4:50 ገደማ፣ የእነሱ 1:50፣ ከኩክቪል ከተማ በስተምዕራብ ፑትናም ካውንቲ ላይ አረንጓዴውና ቀዩ እንደገና ተጣበቁ። ራዳሩ የዝናብ ጠብታን ከተሰባበረ እንጨትና ከቆርቆሮ የሚለይበት ሌላ ሥዕል አለ፤ እሱን ከፈትኩ። እዚያ ላይ የታየችው ትንሽ ክብ የሰው ቤት ናት፤ ተነሥቶ አየር ላይ ያለ የሰው ቤት። እዚያ ማንንም አላውቅም። የምደውልለት ቁጥር የለኝም። ጥቂት ደቂቃ ብቻ የቆየ፣ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የተጓዘ ነበር፤ 19 ሰው ገደለ። ነፋሱ በሰዓት እስከ 280 ኪሎ ሜትር ደርሷል ተብሎ ደረጃው አራት ተሰጠው። በዚያ ሌሊት በቴነሲ በጠቅላላው 25 ሰው ሞተ። "ከእኛ አለፈ" ብዬ እግዚአብሔርን ያመሰገንኩበት ደመና ነው።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቀስ ብዬ ነገርኳት። በመጀመሪያ አልደነገጠችም። "አውሎ ነፋስማ ምን ይላል፤ አማትቦ ማሳለፍ ነው" አለች። የወደቁትን ቤቶች ፎቶ ሳሳያት ግን ስልኩን ከእጄ ወስዳ ረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ "ይህ የሜዳው አይደለም" አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት፣ ማታ ከመተኛቷ በፊት "እዚያ ዛሬ ሰማዩ እንዴት ነው?" ትለኛለች። እኔም አይቼ እነግራታለሁ።

ወረቀቱን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው እንደ አዲስ የጻፍኩት። "ሁላችንም ደህና ነን" የሚለውን ከላይ አድርጌ፣ አትሜ፣ ቅጂ ላነሣለት የማሽኑን ክዳን ገለጥኩ። መስታወቱ ላይ የሽማግሌው መታወቂያ በፊቱ ተደፍቶ ተኝቷል። ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ 12 ሰዓት ገደማ፣ እየቸኮሉ መጡ። ሦስቱን ቅጂ አንሥቼ ከመታወቂያው ጋር ሰጠኋቸው። ገንዘብ ሊያወጡ ኪሳቸው ሲገቡ እጃቸውን ያዝኩ።

"የፋቁት ካርድ ሒሳብ ይበቃናል፣ አባባ።"

"ልጅቷስ ተኛች?" አሉኝ።

ሦስት ቀንሼ አሰብኩ። እዚያ ጠዋት 9:00 ነው። "አሁን ሳትተኛ አትቀርም" አልኳቸው።